በአዲስ አበባ ግቢ ኩሬ ውስጥ ዓሣን በጤና ማኖር፦ ከቁፋሮ እስከ ክረምት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። መብራት ከጠፋ 9 ሰዓት ሆኖታል። የቅዳሴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ የታኅሣሥ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ባትሪ ይዤ ወደ ኩሬው ስወጣ ዓሦቹ በሙሉ ውሃው አናት ላይ ተኮልኩለዋል። አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትልቁ ቀይ ካርፕ ሌላ ጊዜ ጥላዬን ሲያይ ገና ከሩቅ ይመጣል። ያን ሌሊት አልተነቃነቀም። ስንጥቡ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል።

ባልዲ አነሳሁ። ከኩሬው እየቀዳሁ ከትከሻዬ ከፍታ መልሼ እያፈሰስኩ ነጋ። ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ቀዩ መጨረሻ ላይ ወረደ። አንድም አልሞተም፤ ግን ለጥቂት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ኩሬ መሥራት የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ የምጀምረው ከምግብ ወይም ከመድኃኒት አይደለም። የምጀምረው ከአየር ነው።

አየሩ ቀጭን ነው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል።

በቁጥር እንየው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ንጹሕ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ አራት ኪሎ ላይ ቢሆን 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ሩቡ ገና ከመጀመሪያው የለም ማለት ነው። ካርፕ ጤናማ ሆኖ እንዲኖር ኦክስጅኑ ከ5 ሚሊግራም ባይወርድለት ጥሩ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ያለው ትርፍ በጣም ትንሽ ነው።

ሌሊት ደግሞ ይህ ትርፍ ያልቃል። ቀን ቀን በኩሬው ውስጥ ያሉት ተክሎችና አረንጓዴው አልጌ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታሉ። ሲመሽ ማምረት ያቆማሉ፤ መተንፈስ ግን አያቆሙም። ዓሣውም ይተነፍሳል፣ ማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ይተነፍሳሉ። ኦክስጅኑ ከሁሉም ሰዓት ዝቅ የሚለው ሊነጋጋ ሲል ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አይታችሁ «ደህና ናቸው» ብትሉ ምንም አላያችሁም። ለማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ቀን ከንጋት በፊት ተነሱና እዩ።

ውጭ አገር የተዘጋጁ መመሪያዎች እንዳሉ ተወስደው እዚህ የማይሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። እነሱ ለ10 ዓሣ የሚሉትን ኩሬ እኛ ለ6 ወይም ለ7 ብንለው ይሻላል።

የትኛው ዓሣ?

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ ስተርጅን ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶች ቪዲዮ ይልካሉ፤ ዓሣው ደግሞ እውነትም ያምራል። ከዳይኖሰር ዘመን ጀምሮ ያለ ወገን ነው። ገላው ላይ እንደ ሌላው ዓሣ ቅርፊት ሳይሆን ረድፍ ረድፍ የአጥንት ሰሌዳ አለው። ከአፍንጫው ሥር ባሉት አራት ጢሞች ወለሉን እየዳሰሰ ምግቡን ይፈልጋል። ካቪያር የሚባለው ውድ ምግብ የእሱ እንቁላል ነው።

የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ለስተርጅን ይስማማዋል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ያለ ውሃ ይወዳል። የማይስማማው አየሩ ነው። ብዙ ኦክስጅን ከሚፈልጉት ዓሦች አንዱ ነው። 6 እና 7 ሚሊግራም ለሚሻ ዓሣ የእኛ ውሃ ኦክስጅኑ ሞልቶ እንኳ ጠርዝ ላይ ነው። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ በባልዲ አይድንም። ስፋትም ይፈልጋል። ስተርሌት የሚባለው ትንሹ ዝርያ እንኳ አድጎ ወደ አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ሳያርፍ የሚዋኝ ዓሣ ስለሆነ ጠባብ ኩሬ እስር ቤት ይሆንበታል። ክር የሚመስለው አልጌ ውስጥ ከገባ ተጠላልፎ የሚሞትበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስተርጅን ዝርያዎች በሙሉ በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። አገራችንም የስምምነቱ አባል ናት። ያለ ፈቃድ በሻንጣ የሚመጣ ነገር አይደለም።

የኔ ምክር ለአዲስ አበባ ካርፕ ነው፤ ባለ ቀለሙ ኮይም ያው ካርፕ ነው። ቆቃና ዝዋይ ሐይቆች ውስጥ ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቀዝቃዛ ሌሊት ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ለትንሽ ኩሬ ጎልድፊሽ እንዲያውም ይበልጣል። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። ውሃው ከ16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ይተዋል፤ የኛ ሌሊት ደግሞ አያዝንለትም። አምባዛ ብርቱ ዓሣ ነው፣ ከውሃ ውጭ አየር መሳብም ይችላል። ግን ትንንሾቹን ይበላቸዋል፤ ከሌላ ጋር አትቀላቅሉት።

ደረጃ 1፦ ቦታውና ጥልቀቱ

ግማሽ ቀን ፀሐይ፣ ግማሽ ቀን ጥላ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ባሕር ዛፍ ሥር አትቆፍሩ፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ውሃውን ያበላሻል። አበባ የሚረጭበት መደብ አጠገብም አይሁን። የጽጌረዳ ፀረ ተባይ ለሰው ምንም ሳይመስል ዓሣን በሰዓታት ይፈጃል።

ጥልቀቱ ከ1.2 ሜትር አይነስ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀን ደግሞ 23 ይደርሳል። ጥልቀት የሌለው ውሃ ይህን ሁሉ እየተከተለ ይወጣል ይወርዳል። ዓሣ ብርዱን ሳይሆን መለዋወጡን ነው የማይችለው።

ለምሳሌ 3 ሜትር በ2 ሜትር ቆፍራችሁ 1.2 ሜትር ብታወርዱት 7.2 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ 7,200 ሊትር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ጻፉት። ጨውም ሆነ መድኃኒት የሚለካው፣ የዓሣውም ብዛት የሚወሰነው በእሱ ነው። ጠርዙ ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ለምን እንደሆነ ክረምት ላይ እደርሳለሁ።

ግቢ ውስጥ ሕፃን ካለ ከውሃው በፊት አጥሩ ይሠራ። ወይም ከውሃው ወለል በላይ ጠንካራ የብረት መረብ ይዘርጋ። ይህን ለነገ የሚል ሰው ኩሬ አይሥራ።

ደረጃ 2፦ ሲሚንቶውን ማጠብ

እኛ አገር ብዙ ሰው የሚሠራው በብሎኬትና በሲሚንቶ ልስን ነው። ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው። ችግሩ አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል። ኖራው የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ ቁጥር) ከ9 በላይ ይወስደዋል፤ የዓሣውን ስንጥብም ያቃጥላል። ሠራተኞቹ በወጡ ማግሥት ዓሣ የሚያስገባ ሰው በሳምንቱ ባዶ ኩሬ ይዞ ይቀራል።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ሙሉት፣ ሳምንት አቆዩት፣ ድፉት። ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉና እንደገና ሙሉ። ሦስት አራት ጊዜ ድገሙ። የሚደፋው ውሃ ለግቢ ማጠቢያ ይሆናል። በመጨረሻ ሞልታችሁ ሳምንት ቆይቶ ፒኤቹ ከ8.5 ካላለፈ ተሳክቷል። ጊዜ የሌለው ሰው ጂኦሜምብሬን ያንጥፍ። ገበሬው ውሃ የሚያቁርበት ጥቁሩ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ኖራ የለበትም፣ በዚያው ሳምንት ውሃ ይቀበላል።

ደረጃ 3፦ የቧንቧ ውሃ

ይህን ደረጃ በሚገባ አንብቡት። እኔ ዓሣ የገደልኩት እዚህ ላይ ነው።

ውሃ ለአምስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ኩሬው በትነት ጎድሏል። ስድስተኛው ቀን ሌሊት ቧንቧው ሲንኳኳ ሰማሁና ተደስቼ ጎማውን በቀጥታ ኩሬው ውስጥ ከትቼ ተኛሁ። ጠዋት አራት ጎልድፊሽ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። ውሃው ከመስታወት የጠራ ነበር። ስጠጋ የበረኪና ሽታ አለው።

ክሎሪን ለኛ ጤና ነው፤ ለዓሣ ግን መርዝ ነው። እኛ የማይሰማን መጠን እንኳ ስንጥቡን ይልጠዋል። ማጣሪያው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይጨርሳል። ስለዚህ የዚያኑ ቀን የተረፈው ዓሣ በሳምንቱ በአሞኒያ ሊሞት ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለኩሬው ብቻ የሚሆን አንድ የ1,000 ሊትር ሮቶ አስቀምጡ። ውሃ በፈረቃችሁ ሲመጣ እሱን ሙሉ። ክዳኑን ክፈቱ። ከተዘጋ ክሎሪኑ የሚወጣበት የለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከቻላችሁ ትንሽ የአየር ፓምፕ ውስጡ ልቀቁ። ሁለት ቀን ይቆይ። ከዚያ ወደ ኩሬው በቀስታ ይውረድ። ለችኮላ ቀን ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት የክሎሪን ማጥፊያ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ልኩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

በሳምንት አንዴ ከኩሬው 10 በመቶውን ቀይሩ። ለ7,200 ሊትር 720 ሊትር ነው፤ ያ ሮቶ ይበቃዋል። የሚወጣውን ውሃ ለጎመኑና ለአበባው ስጡት። ከማዳበሪያ አይተናነስም።

ደረጃ 4፦ ማጣሪያውን በቀይ አሽ መሥራት

ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ እሱን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይሄም መርዝ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ብዙም አይጎዳም፤ ተክል ይመገበዋል፣ የቀረው በውሃ ቅያሬ ይወጣል። ማጣሪያ ማለት የእነዚህ ባክቴሪያዎች ቤት ነው። ቆሻሻ መያዙ ሁለተኛ ሥራው ነው።

ለባክቴሪያ ቤት ደግሞ አገራችን ግሩም ነገር አላት። ለግንባታ የሚደፋው ቀይ አሽ! አንዱን ድንጋይ አንስታችሁ በፀሐይ እዩት። እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ባክቴሪያ ይሰፍራል።

200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ግዙ፤ ኬሚካል ያልነበረበት መሆኑን አረጋግጡ። ከታች ውሃ የሚገባበትን፣ ከላይ የሚወጣበትን ቀዳዳ አብጁ። ከታች ወፍራም ስፖንጅ፣ ከላዩ ቀይ አሹ። ቀይ አሹን ግን ጠጠሩን ለይታችሁ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ እጠቡት። እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጅቶብኛል። ፓምፑ ኩሬውን ቢያንስ በሁለት ሰዓት አንዴ የሚያዞር ይሁን፤ ለኛ ምሳሌ በሰዓት 3,600 ሊትር ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ውሃው ወደ ላይ ሳይገፋ የተለካ ነው። በርሜሉ ከፍ ካለ ከዚያ ያንሳል፤ ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ግዙ።

ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት። ከኩሬው በባልዲ ቀድታችሁ ስፖንጁን እዚያው ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፤ ይበቃል። ቀይ አሹን ደግሞ ለወራት አትንኩት።

ባክቴሪያው እስኪበዛ ጊዜ ይፈልጋል። በእኛ ቀዝቃዛ ውሃ ከ6 ሳምንት ያነሰ አትጠብቁ። የቆየ ኩሬ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከማጣሪያው ሁለት ጭብጥ ድንጋይ ለምኑት። እርሾ ነው፤ ነገሩን በጣም ያፋጥነዋል።

ደረጃ 5፦ አየር፣ ከነመጠባበቂያው

ማጣሪያው የሚመልሰው ውሃ ከከፍታ ይውደቅ። 40 ወይም 50 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ እየተሰበረ ቢወርድ ጥሩ አየር ይሰጣል። ለዓይንም ለጆሮም ደስ ይላል። በተጨማሪ የአየር ፓምፕ አስገቡ፤ አረፋ የሚያወጣውን ድንጋዩን ከወለሉ አጠገብ አድርጉት። አረፋው ራሱ ብዙ ኦክስጅን አይጨምርም። ዋናው ሥራው የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ከአየር ጋር ማገናኘቱ ነው። በሙቀት ወራት፣ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ አታጥፉት።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን ሦስት ነገር አዘጋጁ። አንደኛ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ የአየር ፓምፕና አንድ የመኪና ባትሪ። የአየር ፓምፕ ትንሽ ኃይል ነው የሚበላው፤ ደህና ባትሪ ሌሊቱን ያሻግረዋል። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የዚያን ዕለት ምግብ አለመስጠት። የበላ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይጠቀማል። ሦስተኛ፣ ባልዲ። ለዘበኛውም ለቤት ሠራተኛዋም አሳዩአቸው፤ እናንተ በሌላችሁበት ቀን ዓሣውን የሚያተርፉት እነሱ ናቸው። ፓምፑ ከ10 ሰዓት በላይ ቆሞ ከነበረ፣ መብራት ሲመጣ በርሜሉ ውስጥ የቆየውን ውሃ መጀመሪያ ውጭ ድፉት። ባክቴሪያው ያለ አየር ሞቶ ውሃው ተበላሽቷል፤ ሽታው ይነግራችኋል።

የኤሌክትሪክ መስመሩን ባለሙያ ይዘርጋው። ውሃና መብራት አጠገብ ላጠገብ ናቸው። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲሰማ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይግባበት፤ እጃችሁን ውሃ ውስጥ ስትከቱም ፓምፑን ንቀሉ።

ደረጃ 6፦ ዓሣውን ማምጣት

ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል በዚህ ሥራ የቆየ ነው፤ ስለ ጫጩትና ስለ አረባብ መጠየቅ ለሚፈልግ ሰው ከከተማው ቅርብ ነው። ባለ ቀለሙን ግን ከዓሣ መሸጫ ቤት ነው የምታገኙት። የትም ግዙ፣ ሱቁ ውስጥ ዝም ብላችሁ 10 ደቂቃ ቁሙ። ከገንዳው ጥግ የተደበቀ፣ ክንፉን ወደ ሰውነቱ ያጣበቀ፣ ድንጋይ ላይ የሚታከክ ዓሣ ካለ ከዚያ ገንዳ ምንም አትግዙ፤ ጤነኛ የሚመስለውንም ጭምር።

ብዛቱን በሊትር አስሉ። ለአንድ አዋቂ ካርፕ ቢያንስ 1,000 ሊትር። በ7,200 ሊትር ውስጥ 7 ይገባል ማለት ነው፤ ለእኛ አየር 5 እላለሁ። መጀመሪያ ግን 2 ብቻ አስገቡ። ባክቴሪያው ከእነሱ ጋር ይደግ። በወሩ ሌላ ጨምሩ። ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለው ካርፕ አድጋ ክንድ እንደምታህል አትርሱ።

አዲስ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሦስት ሳምንት በሌላ ሰፊ ገንዳ ይቆይ። ሲገባ ፌስታሉን ከነዓሣው ውሃው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ዓሣውን ብቻ አውጥታችሁ ልቀቁት፤ የፌስታሉን ውሃ ድፉት።

ደረጃ 7፦ ማብላት

ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ። በየበዓሉ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ወደ ኩሬው ይመጣሉ። «እትዬ፣ አደራ፣ ዳቦ አይስጧቸው» ስላቸው «ውይ ልጄ፣ እንዲህ እያዩኝ እንዴት ዝም ልበላቸው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ካርፕ ሰው ይለምዳል፣ አፉን ከፍቶ ይለምናል። አሁን የዓሣውን ምግብ በትንሽ ኩባያ ለክቼ ለእሳቸው እሰጣለሁ። እሳቸው ያበላሉ። ሁላችንም ደስ ብሎናል።

ዳቦ፣ እንጀራና ሩዝ ውሃ ውስጥ ይፈርሳሉ፤ ያልተበላው በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። የዶሮ መኖም ያው ነው። የእርሻ ኩሬ ያላቸው ሰዎች ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይሰጣሉ፤ ለሰፊ ኩሬ ይሆናል፣ ለግቢ ኩሬ ግን ውሃ ያደፈርሳል። ተንሳፋፊውን እንክብል ስጡ። የተረፈው ስለሚታይ በመረብ ይለቀማል። በ5 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ። ውሃው ከ12 ዲግሪ በታች ሲሆን ቀንሱ፤ ከ8 በታች ከሆነ ተዉት። ለሁለት ሳምንት ያልበላ ጤነኛ ካርፕ ምንም አይሆንም። ክፍለ ሀገር ስትሄዱ «አደራ አብሉልኝ» ብላችሁ ሙሉ ከረጢት ለሰው ትታችሁ አትሂዱ። ብዙ ኩሬ የሞተው በአደራ ነው።

ክረምት ሲገባ

ሰኔ ከመግባቱ በፊት የጣሪያችሁን አሸንዳ ተከታተሉት፤ ወደ ኩሬው መውረድ የለበትም። ቆርቆሮ የተለበጠበት ዚንክ በዝናብ ውሃ ይሟሟል፣ ዚንክ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ጠርዙን ከፍ አድርጉ ያልኩት ደግሞ ከግቢው የሚንደረደረው ጭቃ እንዳይገባ ነው። ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ በወንፊት ይሸፈን፤ አለበለዚያ ዓሣው አብሮ ይወጣል።

የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው፤ ማዕድን የለውም። በሐምሌና በነሐሴ ኩሬው በዝናብ ሲሞላ ፒኤቹን አጥብቆ የሚይዘው ነገር ይሳሳል፣ ከዚያም በአንድ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። አንድ ከረጢት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የታጠበ የእንቁላል ቅርፊት ማጣሪያው ውስጥ አስቀምጡ። ራሱ በቀስታ ይሟሟል። ጉዳዩ ከጠና ቤኪንግ ሶዳ አለ፤ ለ1,000 ሊትር 30 ግራም በውሃ በጥብጦ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ።

በረዶ ከጣለ በኋላ ያን ቀን አታብሉ። ሰማዩ ለቀናት ደመና ሲሆን ደግሞ አልጌው ቀንም አያመርትም፤ የአየር ፓምፑ 24 ሰዓት ይሥራ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ጭላትና ድመት ይመለሳሉ፤ ከእነሱ የሚከላከል መረብ ያኔ ከኩሬው በላይ ዘርጉ።

ዓሣው የታመመ ሲመስል

መጀመሪያ መድኃኒት አትፈልጉ። ውሃውን ለኩ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። የመለኪያ ወረቀት ወይም ጠብታ ከዓሣ መሸጫ ቤት ግዙ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው አስልኩ። ልኩ ከፍ ካለ 25 በመቶ ቀይሩ (ከተዘጋጀው ሮቶ ለሚጎድለው የክሎሪን ማጥፊያውን ተጠቀሙ)፣ ምግብ አቁሙ፣ አየር ጨምሩ። እኔ ካየኋቸው «በሽታዎች» አብዛኛዎቹ እዚህ ላይ አልቀዋል።

ውሃው ደህና ሆኖ ዓሣው ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጥብ ከታየ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ነጥቡ ዓሣው ላይ እያለ መድኃኒት አይነካውም። የሚሞተው ረግፎ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ዑደቱ ረጅም ስለሆነ ነጥቡ ስለጠፋ ብቻ ሕክምናውን አታቁሙ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀጥሉ። ጨው ይረዳል። በ1,000 ሊትር 3 ኪሎ፣ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ፣ በባልዲ ተሟሟቶ ይግባ። ለኛ ኩሬ 21.6 ኪሎ ይሆናል። ጨው አይተንም፤ የሚወጣው በውሃ ቅያሬ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያስገባችሁትን ጻፉ። የውሃ ተክሎቹን ግን ቀድማችሁ አውጡ፣ ጨው አይወዱም።

አንድ ዓሣ ብቻ ከቆሰለ በ20 ሊትር የኩሬ ውሃ 200 ግራም ጨው አሟሟታችሁ ከነአየር ፓምፑ 10 ደቂቃ አቆዩት። አጠገቡ ቁሙ። ወደ ጎኑ ካጋደለ ሰዓቱ ባይሞላም መልሱት። ቅርፊቱ ከገላው ተነሥቶ የቆመ፣ ሆዱ ያበጠ ዓሣ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለይታችሁ አስቀምጡት፤ የእንስሳት ሐኪም የምታውቁ ከሆነ አማክሩ። በሰው ፀረ ተሕዋስያን እንክብል ውሃ ውስጥ እየበተኑ መሞከር ማጣሪያውን ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ ጤነኞቹም ይታመማሉ።

የበዛባችሁ ወይም ማኖር ያልቻላችሁት ዓሣ ካለ ኩሬ ላለው ሰው ስጡት። ቀበና ወይም ግንፍሌ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት። ካርፕ ከውጭ የመጣ ዓሣ ነው። ጭቃ እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ የውሃ ተክል ይነቅላል። ሰጪና ተቀባይ ስትገናኙ ፌስታሉ ውስጥ ሲሶው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር ይሁን። ማለዳ ሳይሞቅ ውሰዱት፣ በጨለማ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ።